ከሠርጉ በፊት የነበረው ስም

ነገሩ የተጀመረው ክሊኒክ ደጃፍ ላይ ነው። ኮሮናው በጠናበት በዚያ ዓመት፣ ሐምሌ እንደገባ፣ አሚ የምትባል ልጅ ጆሃንስበርግ ሂልብሮው ውስጥ ወረፋ ይዛ ቆማ ነበር። እዚያ አገር ሐምሌ ብርዱ አጥንት የሚቆረጥምበት ወር ነው። ሕንፃው ውስጥ መቀመጥ ስለተከለከለ ሕመምተኛው ሁሉ አስፋልቱ ላይ በቢጫ ቀለም በተሰመረ ክብ ውስጥ አንድ አንድ እያለ ቆሟል። ነርሷ በሩ ላይ ብቅ እያለች ስም ትጠራለች።

አሚ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ቢቸና ስትወለድ ወንድ ነው ተብሎ እልል ተባለ፤ አምላኩም ተብላ አደገች፤ ሲያሳጥሩት አሚ። እሷ ግን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ሴት መሆኗን ታውቀዋለች። ለማን ትንገረው? ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ኖረች፤ ይዛውም ደቡብ አፍሪካ ገባች። ጀርሚስተን አንድ የአገር ልጅ ሱቅ በር ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ሱሪ ታሳጥራለች፤ ያን ሰሞን ደግሞ የጨርቅ ማስክ ትሰፋለች። ደንበኞቹ "ሲሲ" ይሏታል፤ እህቴ ማለታቸው ነው። ማንም "አንቺ ማነሽ?" ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ክሊኒኩ እንደሷ ላሉ ሰዎች የሚሆን መድኃኒት እንዳለው ሰምታ ስድስት ወር ስታመነታ ቆይታ፣ በመጨረሻ ያቺን ቀን ቀሚሷን ለብሳ ሄደች።

"አምላኩ!" ብላ ነርሷ ጮኸች።

ነርሷ ምን ታድርግ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው ያነበበችው። ነገር ግን ከመንገዱ ማዶ ካልሲ የሚሸጥ ያገራችን ሰው ነበርና ስሙን ሲሰማ ቀና አለ። ቀሚስ የለበሰችው ወደ በሩ ስትራመድ አየ። አየና ጎኑ ላለው ጓደኛው ጆሮ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጎ ሁለቱም ሳቁ። አሚ ከቢጫው ክብ እስከ በሩ አሥር እርምጃ ሄደች፤ አሥር ኪሎ ሜትር ነው የመሰላት።

ነርሷ ሲስተር ኖምቩላ ትባላለች፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ግን ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ሳቁን አይታዋለች።

"ሲሲ" አለቻት፣ "ፋይልሽን ገና አልከፈትኩትም። ከዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ትመለሻለሽ። ያን ጊዜ የምጠራሽን ስም ይዘሽ ነይ። አስበሽ ነይ ታዲያ! አንዴ ከጻፍኩት በየወሩ አልሰርዝም።"

እንግዲህ ስም ለማግኘት ሁለት ሳምንት ተሰጣት።

ሂልብሮው ከእሷ ጋር አንድ ክፍል የምትጋራው ፌቨን የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ፀጉር ቤት ትሠራ ነበር፣ ኮሮናው ፀጉር ቤቱን ሲዘጋው ጊዜ ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ጋደም ብላ ሰው መተቸት ሥራዋ ሆነ።

"ይኼ ያስጨንቃል?" አለች። "ሜላት በይው። ሶፊ። እኔ በሞትኩ፣ ሶፊ ያምርብሻል!"

"ሶፊ የቤታችን ስም አይደለም።"

"ስምን መልአክ ያወጣዋል ይሉ የለ? ጠብቂው።"

"ሐሙስ ነው ያለችኝ።"

"መልአኩም ሎክዳውን ላይ ነው እንግዲህ" ብላ ፌቨን ወደ ግድግዳው ዞረች።

አሚ የምትፈልገው ስም ነበራት፤ ችግሩ አለማወቋ ነው። እንዲህ ነው ነገሩ። በነአሚ አገር ሴት ልጅ ስትዳር ስሟን አባቷ ቤት ትታ ነው የምትወጣው። አማቷ ደጅ ላይ ተቀብላ አዲስ ስም ታወጣላታለች፣ ከዚያ ወዲያ በዚያ ትጠራለች፣ በዚያም ትቀበራለች። አሚን ያሳደገቻት የአባቷ እናት ባንቺአየሁ ነበሩ። ባንቺአየሁ ያሏቸው አማታቸው ናቸው። አሚ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አያትዬው ምስር እየለቀሙ "እኔም እኮ ሌላ ስም ነበረኝ" አሉ ሳይታሰብ። "ማን?" ብትላቸው ሳቁና "ቀረ። ካባቴ ቤት ቀረ" አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ያ ነገር ከአሚ ልብ አልወጣም። ሰው አንዱን ስም ደጃፍ ላይ ትቶ በሌላ ስም መግባት ይችላል ማለት ነው፤ ጉድ የሚልም የለም፣ እንዲያውም ይጨፈርለታል። ያ የተተወው ስም ደግሞ የቤቱ ነው፤ ሴት ልጅ የተጠራችበት ነው፤ ሰባ ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። ከዚያ የተሻለ ከየት ይመጣል? ሌላ ስም ብትይዝ ከዘሯ የተቆረጠች መሰላት። ሴትም ልትሆን፣ የነሱም ልጅ ልትሆን ነው የምትፈልገው፤ ሁለቱንም።

እናቷ ይታይሽ ጋ ደወለች። ያን ሰሞን አገር ቤት ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር በኢሞ ማውራት የለም፤ በቀጥታ መስመር ነው፣ የስልኩ ሂሳብ እንደ በረዶ እየቀለጠ።

"እማ፣ እንዴት ነሽ?"

"እኔስ ደህና። ያ በሽታ እንዴት ነው? ነጭ ሽንኩርቱን ትበላለህ?"

"እበላለሁ። እማ፣ የአያቴ የልጅነት ስም ማን ነበር?"

"የማን? ያማቴ?" እናቷ ደነገጡ። "እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ባንቺአየሁ ሆነው ነው የቆዩኝ። ደግሞስ ምራት ያማቷን ስም ታነሳለች እንዴ? ባንቺአየሁንም በአፌ ጠርቼው አላውቅ።"

"ታዲያ ማን ያውቃል?"

"ታናሽ እህታቸው እማሆይ ናቸው፣ ደብረ ወርቅ። ስልክ የላቸውም። ለምን ፈለግኸው?"

አሚ እውነቱን ለመናገር ወስና ነው የደወለችው። መንገድ ላይ እየሄደች ቃሉን ስትደረድር ነው የከረመችው፤ "እማ፣ እኔ እኮ" ብሎ ነበር የሚጀምረው። አፏን ከፈተች። የስልኩ ሂሳብ እያለቀ ነው። እና ምን አለች መሰላችሁ?

"ልጅ ተወልዶ ነው" አለች።

"የማን ልጅ?"

"የ... የኔ። ሴት ልጅ።"

እልልታው ከስልኩ ውስጥ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ፌቨን ከአልጋዋ ተነስታ ቁጭ አለች። አሚ "እማ፣ ቆይ፣ እማ!" ስትል ሂሳቡ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ።

"ምንድን ነው ያልሻት?" አለች ፌቨን።

አሚ ነገረቻት።

"አብደሻል! አንቺ የለየልሽ እብድ ነሽ!"

"ነገ ደውዬ አስተካክለዋለሁ።"

ነገ ስትደውል መስመር የለም። ከነገ ወዲያ ስትደውል እናትዬው ስልኩን እቤት ትተው ወጥተዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ዓይነቷን ነው፤ እሷማ የምትለቅመውንም አላገኘች።

በአራተኛው ቀን የአጎቷ የስዩም ሚስኮል መጣ። ጋሼ ስዩም ያባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ የቤተዘመዱ አውራ እሳቸው ናቸው። ስልክ በሕይወታቸው ከፍለው ደውለው አያውቁም፤ ሚስኮል ያደርጋሉ፣ ይደወልላቸዋል። ደወለች።

"እንኳን ደስ ያለህ! ጎበዝ!" አሉ። "እኔ ራሴ ደብረ ወርቅ ድረስ ሄጄ መጣሁ። በኮሮና ምክንያት አውቶቡሱ ሰው በግማሽ ነው የሚጭነው፣ ዋጋው እጥፍ። ምን ይደረግ፣ ለልጅ ነው።"

"ጋሼ፣ እማሆይ ነገሩዎት?"

"ነገሩኝ እንጂ! ትርንጎ!" ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። "ትርንጎ ነበር ስሟ። እናቴ። በል እስቲ ይሁን።"

አሚ ቃሉን ከንፈሯ ላይ ያዘችው። ትርንጎ። ጓሮ የሚበቅለው፣ ቅርፊቱ ወፍራሙ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራው ፍሬ። ስልኩን ይዛ ፈገግ አለች።

"ምንም አይደል" አሉ አጎቷ፣ "እኛ ሄራን ብለናታል።"

"ማንን?"

"ልጅቱን ነዋ! ትርንጎ የባላገር ስም ነው። ነገ ከፈረንጅ ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ስትገባ ሊስቁባት ነው? ተነጋግረን ጨርሰናል።"

"ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው ትርንጎን ነው። የጠየቅሁትም ለዚሁ ነው።"

"ስም የሚያወጣ ቤተዘመድ ነው። አንተ ወልደሃል፤ ይበቃሃል። ይልቅ እናቲቱ ማን ናት? የየት አገር ሰው ናት? ያን ሱቅ ጋ ደውዬ እጠይቃለሁ፣ አንተ አትናገርም።"

"ሱቅ እንዳይደውሉ!" ብላ ጮኸች። መስመሩ ግን ተቋርጧል።

አያችሁ መከራዋን! ስሙን አገኘች፤ ያገኘችው ግን ላልተወለደች ልጅ ነው። ያቺ ያልተወለደች ልጅ ደግሞ ሌላ ስም ወጥቶላታል። አሚ ትራሱን አንስታ ግድግዳው ላይ ወረወረችው። አንስታ ደግማ ወረወረችው።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ጋሼ ስዩም ለጉድ ብለው ይሁን ለደስታ፣ በዚህ አንድ ጊዜ ሚስኮሉን ትተው ጀርሚስተን ሱቅ ደውለው ኖሯል። ስልኩን ያነሳችው የባለሱቁ የሙደሲር ሚስት ባህሪያ ናት። ባህሪያ የስልጤ ሴት ናት፤ ስድስት የወለደች፣ የሰው ደስታ ሲሰማ እግሯ አርፎ የማይቀመጥ። እሑድ ረፋድ ላይ የነአሚ በር ተንኳኳ። አሚ ማስክ ልታደርስ ሄዳ የለችም። ፌቨን በቢጃማ ከፈተች።

ባህሪያ ማስኳን እንዳደረገች በአንድ እጇ ጨርቅ የተጠቀለለ ድስት፣ በሌላው አንድ ጥቅል ዳይፐር ይዛ ገባች።

"እንኳን በሰላም ተገላገልሽ! ኧረ ተኚ፣ ተኚ! ማን ተነሺ አለሽ? አራስ በር ትከፍታለች?"

"ምን?" አለች ፌቨን።

"ገንፎ ነው፣ በትኩሱ። ቅቤውን መሀሉ ላይ አድርጌዋለሁ። አይዞሽ፣ አሚ ቢደብቀን አልተቀየምንም። ሕፃኗስ?"

ፌቨን ስታፈጥ ስታፈጥ፣ ቅቤው ሸተታት። ሥራ ከፈታች አራት ወር ሊሞላት ነው። አሚ ተመልሳ በሩን ስትከፍት ፌቨን ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ ተደርጎላት ባህሪያ ገንፎ እያጎረሰቻት ነበር። አሚን ስታያት ፌቨን አፏን እንደሞላች "አልወለድኩም!" አለች። "ለእሷ ንገሪያት፤ እኔ አልወለድኩም!"

ባህሪያ ማንኪያውን አስቀምጣ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። አሚም ደከማት። መዋሸት ከመናገር የበለጠ ይደክማል። እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች ጨርሳ ነገረቻት፤ ክሊኒኩን፣ ካልሲ ሻጩን፣ አያቷን፣ ስሙን፣ የሌለችውን ልጅ፣ እሷ ራሷ ማን እንደሆነች።

ባህሪያ የድስቱን ጨርቅ አጣጠፈች።

"ሰዎች ሲሲ ሲሉሽ እሰማለሁ" አለች በመጨረሻ። "ቀልድ ነው እል ነበር። እኔ ይህን ነገር አላውቀውም፣ አሚ። ሃይማኖቴም ሌላ ይላል፣ ልዋሽሽ አልችልም። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ስድስት ወልጃለሁ፣ ሁለቱን ቀብሬያለሁ። ያልተወለደ ልጅ ተወለደ አይባልም! ያስፈራል። እናትሽን እልል አሰኝተሻል። በውሸት የመጣ ስም አይረጋም። ዛሬ ደውለሽ ቃልሽን አንሺው።"

"ካነሳሁት ስሙም ይሄዳል።"

"ይሂድ!" አለች ባህሪያ ተቆጥታ። ድስቷን አልወሰደችም፤ ዳይፐሩን ግን ይዛ ወጣች።

አሚ ደወለች። ሦስት ጊዜ ተቋረጠ፤ በአራተኛው ገባ።

"እማ፣ ልጅ የለም።"

"ምነው? ሞተች?" እናትዬው ጮኹ።

"አልተወለደችም። ዋሽቼ ነው። ስሙን የምፈልገው ለራሴ ነው፣ እማ። እኔ ነኝ ሴት ልጅሽ። ሁልጊዜም እኔ ነበርኩ።"

ዶሮ ይጮሃል በስልኩ። ጎረቤት የሆነ ሰው ያወራል። ከዚያ እናትዬው በቀስታ "ሰፈሩን ሁሉ ጠርቼ አብልቻለሁ እኮ" አሉ። ዘጉት። ከዚያ በኋላ ሰኞም ማክሰኞም ቢደወል አላነሱም።

ሰኞና ማክሰኞ አሚ ስትሰፋ መርፌ ሁለት ጊዜ ሰበረች። ፌቨን እንኳ አልተቸቻት። ሁሉም ነገር እንቢ አለ፤ ስልኩ እንቢ፣ መርፌው እንቢ፣ ዘመድ እንቢ። "ለነርሷ ሶፊ ልበላት?" ብላ አሰበች። ብቻዋን ሆና "ሶፊ" ብላ ሞከረችው። የሌላ ሰው ጫማ እግሯ ላይ ያደረገች መሰላት።

ረቡዕ ማታ የእናቷ ሚስኮል መጣ። መልሳ ደወለች።

"ስማ" አሉ እናትዬው፣ ሰላምታም የለ። "ለጎረቤት ሁሉ 'ሴት ልጅ ተጨመረችልኝ፣ ስሟ ትርንጎ ነው' ብያለሁ። ስዩም ሄራን ያለውን አልወደድኩትም ነበር፤ የብስኩት ስም ነው። አሁን ቤት ለቤት ዞሬ 'ዋሽቼ ነው' አልልም። በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ አልሆንም። ያልኩት ብያለሁ።"

"እማ፣ እንግዲያው እኔን..."

"አትጠይቀኝ። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ አምላኩ ያልኩትን በአንድ ስልክ አልለውጥም። አፌ እንቢ ይለኛል። ማልቀስም አልፈልግም፣ ገበያ መሄድ አለብኝ ነገ። ለስዩም ነግሬዋለሁ። እሱ እንደኔ አይደለም፣ እወቅ። ስሙ የእናቱ ነው።"

ይኼ መርቆ መስጠት ነው ወይስ መርገም? አሚ ሌሊቱን እያገላበጠችው አነጋች።

ሐሙስ ቢጫው ክብ ውስጥ ቆመች። ካልሲ ሻጩ ያው ቦታው ላይ ነው። ሲስተር ኖምቩላ ብቅ ብላ በጣቷ ጠራቻት፣ ስም የለምና። እዚያው በሩ ላይ አዲስ ፋይል አውጥታ እስክሪብቶውን ደገነች።

"እሺ፣ ሲሲ?"

"ትርንጎ" አለች አሚ። ያባቷንና የወንድ አያቷን ስም አስከተለች። ሲስተር ኖምቩላ በትልልቁ ጻፈችው።

ቀለሙ ሳይደርቅ ስልኩ ጮኸ። ጋሼ ስዩም ናቸው፤ ሚስኮል አይደለም፣ ይጠራል ይጠራል። አነሳችው።

"አምላኩ!"

"ትርንጎ ነኝ፣ ጋሼ።"

ዘጉት። ወዲያው እንደገና ጮኸ።

"አምላኩ! አንተን ነው!"

"ትርንጎ ነኝ።"

ዘጉት። ሲስተር ኖምቩላ "ወይ አውሪ፣ ወይ አጥፊው፤ ሰው ተሰልፏል" አለች። ሦስተኛ ጊዜ ጮኸ።

"የእናቴ ስም ነው!" አሉ አጎቷ፤ ድምፃቸው ተሰንጥቋል። "ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እስካለፈው ሳምንት አላውቀውም ነበር። አልጠየቅኋትም። አንድም ቀን! አንተ መጥተህ በውሸት..."

"መዋሸቴ ጥፋት ነው፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ። ስሙን መፈለጌ ግን ውሸት አይደለም። እሳቸውስ ስማቸውን ትተው በሌላ አልገቡም? እኔም እየገባሁ ነው። የሚቀበለኝ ነው ያጣሁት።"

"ያንተና የሷ አንድ ነው?"

"አላውቅም። ያሳደጉኝ ግን እሳቸው ናቸው።"

አጎቷ ተነፈሱ። ከዚያ ነገር ፍለጋ ይሁን ሌላ፣ "ስሙ እዚያ አገር ሰው አፍ ውስጥ ይበላሻል" አሉ። "ያፈርሱታል። ትርንጎ ማለት የት ይችሉና!"

አሚ ስልኩን ወደ ነርሷ ዘረጋችው። "ሲስተር፣ እባክሽ ጥሪው። ወረፋ ላይ እንደምትጠሪው አድርገሽ።"

ሲስተር ኖምቩላ ሰዓቷን አየች፣ ፋይሉን አየች፣ አስተዳደጓ ሆኖ ቀስ ብላ መጥራት አታውቅም፤

"ትርንጎ!" ብላ ጮኸች። መንገድ ማዶ ያለው ካልሲ ሻጭ ቀና አለ። ቀሚስ የለበሰች ሴትና ነርስ አየ። ወደ ካልሲው ተመለሰ።

አሚ ስልኩን ጆሮዋ ላይ መለሰች። "ጋሼ?"

ትንፋሽ የሰማች መሰላት። "ጋሼ፣ ሰሙት?"

ስክሪኑን ብታየው መስመሩ ተቋርጧል። መቼ እንደተቋረጠ አልታወቀም፤ ከጥሪው በፊት ይሁን በኋላ፣ ኔትወርኩ ይሁን እሳቸው ዘግተውት። መልሳ ደወለች። የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም፣ አለች የቴሌዋ ሴት። እንደገና ደወለች፤ ያችው ሴት ናት። ሲስተር ኖምቩላ የደም ግፊት መለኪያውን ይዛ እጇን ትጠብቃለች።

"ትርንጎ፣ ግራ እጅሽን።"

ግራ እጇን ሰጠቻት፤ በቀኟ ሦስተኛ ጊዜ ደወለች።